አየር ላይ የሚሰፋ ሙዳይ

መካነ ሰላም
ጥቅምት 6 ቀን 1998 ዓ.ም.

ጀርመን አገር ላለችው ለእህቴ ልጅ ለሰብሌ፤

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። ሰባት ገጽ ጽፋ ስድስቱን ስለ ሣር የምትጠይቅ ልጅ ደህና ካልሆነች ማን ደህና ሊሆን ነው! እኛም አለን። ዝናቡ በጊዜው ወጥቶልናል፣ ጤፉ ያምራል፣ ማሻ ያለችው እናትሽም ከነጤናዋ ናት፤ እኔም እንደምታውቂኝ ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ክፍል ቁጭ ብዬ የሰው ልጆች የሚፈተኑበትን ፈተና እተይባለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሐሙስ ነው። ፈይዛ የፖስታውን ውፍረት ስታይ፣ "ወላሂ ይሄ የሰርግ ወሬ ነው!" አለች። ፈይዛን መቼም አትረሻትም፤ ከሪያድ ከተመለሰች ወዲህ ግድግዳ ተጋርተን ነው የምንኖረው፤ ለኔ የመጣ ደብዳቤ ለሷም የመጣ ነው። በጾም አፏ ደጃፌ ላይ ተቀምጣ፣ "አንብቢው እንጂ፣ ሙሽራው ማነው?" ትለኛለች።

አንብቤ አንብቤ፣ "ሙሽራው ሙዳይ ነው" አልኳት።

"የምን ሙዳይ?"

"የሣር ሙዳይ ነዋ። ሰብሌ ሰማይ ላይ ልትሰፋው ነው።"

"አላህ ይጠብቃት፤ ብርዱ ነው እንዲህ ያደረጋት" ብላ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

እኔ ግን ገብቶኛል። ገብቶኝ እንደሆነ ፈትኚኝ። ሰው ወደ ጠፈር ሲወጣ ዕቃውን ሁሉ ከዚህ ጭኖ አይዘልቀውም፤ የጎደለውን እዚያው መሥራት አለበት። እዚያ ደግሞ ክብደት የሚባል ነገር የለም። የቀለጠ ብረት እንደዚህ አገሩ ቅርጽ ውስጥ ገልብጠው አያፈሱትም፤ ድብልብል ብሎ ይንሳፈፋል። ዱቄት ይበናል። መዶሻ ያሳረፈ ሰው ራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል። የናንተ ምርምር እንግዲህ ያለ ክብደት ዕቃ እንዴት ይሠራል ነው። ልክ ነኝ?

ልክ መሆኔን የማውቀው የፊዚክሱን መምህር ይሄነውን ስለጠየቅሁት ነው። "ወይዘሮ ሐረግ፣ በአፍ ብቻ አይሆንም፤ ይምጡ ላሳይዎ" አለና የሃይላንድ ጠርሙስ ከታች በምስማር ቀድዶ ውሃ ሞላበት። ውሃው ፊን ብሎ ይፈሳል። ከዚያ መሰላል ላይ ወጥቶ ጠርሙሱን ለቀቀው። ሰብሌ! እየወደቀ ሳለ ውሃው መፍሰሱን ተወ። ቀዳዳው አለ፣ ውሃውም አለ፣ ግን አይፈስም! "ሰብሌ የምትሰፋበት አውሮፕላንም ሽቅብ ወጥቶ እንደዚህ ጠርሙስ ይወድቃል። እየወደቀ ሳለ ውስጡ ያለ ሰው ክብደት የለውም። መሬት ሳይደርስ አብራሪው ያቃናዋል" አለኝ። መጨረሻዋን ቶሎ ባይላት ኖሮ እዚያው በወደቅሁ ነበር። ካለፈው ሐሙስ ወዲህ በሰፈሩ ያልተቀደደ ጠርሙስ የለም፤ ለሁሉም አሳይቻለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዎ፣ ሙዳይ ጠረጴዛም ቅርጽ ማውጫም አይሻም። የሣሩ እስር ይዞራል፣ መጠቅለያው ሣር አክርማ ይጠመጠምበታል፣ ወስፌው ታች ያለውን ዙር ይወጋል፣ የላዩ ዙር የታቹን ነክሶ ይይዛል። ራሱን ይዞ ነው የሚያድገው። ተገልብጦም ይሰፋል። እኔ አንድ ክረምት ታምሜ በጀርባዬ ተኝቼ ወደ ላይ እያየሁ ሰፍቻለሁ፤ ፊቴ ላይ ከረገፈው ሣር በቀር ችግር አልነበረውም። እናንተ ደግሞ በሣሩ ፈንታ የብረት ጥብጣብ ልታደርጉ ነው አልሽ፤ እሱን እናንተ ታውቃላችሁ።

ለውድድሩ የቀራችሁት ግን ሁለት ብቻ ናችሁ። አንቺና ያ ዱቄት በጨረር የሚያጋግረው ልጅ። አውሮፕላኑ ላይ የሚወጣው አንዳችሁ ብቻ፤ ወጥቶም የሠራው ነገር ከያዘለት እዚያው ለዶክተርነት ይማራል፤ ካልሆነ ሰኔ ላይ የትምህርቱ ድጎማ ያበቃና ወደ አገር። ገባኝ። የምትፈልጊውም ገባኝ፤ መጀመሩን ስለማትችይበት እኔ እስከ ግማሽ ሰፍቼ ልልክልሽ፣ አንቺ ከጠርዙ ቀጥለሽ አየር ላይ ልትሰፊ። አብሽሪ። ሣሩ አሁን አምሮበታል፤ ነገ ለቅሜ አደርቃለሁ።

እናትሽ ስለ አውሮፕላኑ እንዳትሰማ ብለሻል። እሞክራለሁ። እኔና ምስጢር መቼም ዝምድና እንደሌለን ታውቂያለሽ፤ ግን እሞክራለሁ።

አክስትሽ ሐረግ

*

መካነ ሰላም
ኅዳር 15 ቀን 1998 ዓ.ም.

ሰብሌ የኔ ዓለም፤

ይሄ ወረቀት ሙዳዩ ውስጥ ነው ያለው፤ ስለዚህ የምታነቢው ሙዳዩን ከፍተሽ ነው። አየሽው? ክዳኑን አየሽው? ቀዩን መስመር የመረጠችው ፈይዛ ናት። ወንድሟ አህመዲን በአይሱዙው ደሴ ወስዶ ፖስታ ቤት ያስገባልኛል፤ ጭነቱ መሃል እንዳይጨፈለቅ ጋቢና ውስጥ ጉልበቱ ላይ እንዲያደርገው አስምለነዋል።

ግማሹን ላኪልኝ ብለሽ ነበር። እኔም እንዳልሽው ግማሽ ላይ ላቆመው ነበር። ከዚያ አየሁት። እንዴት አድርጌ ነው፣ የእህቴ ልጅ፣ ጅምር ስፌት ከቤቴ አውጥቼ በሰው አገር የምልክብሽ? ጅምር ከቤት የሚወጣው ባለቤቲቱ የሞተች ለታ ነው። ያዩት ሰዎች ምን ይላሉ? "አክስቷ ሙታ ነው ወይስ ሰንፋ?" ቢሉሽ ምን ትመልሻለሽ? ፈይዛም፣ "ፈረንጅ ፊት ጅምር? አዑዙ ቢላህ!" አለች። ስለዚህ የሰፈሩ ሴት በሙሉ ተሰብስቦ ተቀባበልነው፤ አንዷ ስትደክም ሌላዋ እየተረከበች ክዳኑ ሁሉ ሳይቀር አለቀ። እንደዚያ የሳቅንበት ሰሞን አልነበረም። የጠርሙሱንም ጨዋታ ደግሜ አሳየኋቸው።

ከጠርዙ መቀጠል ብትፈልጊ መቼም አታጪም፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ከፈት አድርገሽ መጀመር ነው። አንቺ ብልህ ነሽ።

አስተማሪዎችሽን ሰላም በይልኝ። እጃቸው ንጹሕ ከሆነ ይንኩት።

ሐረግ

*

ጀርመን
ታኅሣሥ 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

እቴቴ፤

ሙዳዩ አንድ ሣሩ ሳይሰበር ደረሰ። ለአህመዲን ጉልበት ምስጋና ይግባው። በጣም ያምራል። ፕሮፌሰሬ ክዳኑን ከፍተው ዘጉ፣ ከፍተው ዘጉ፣ ደግሞ ወደ መብራቱ አዙረው አዩ። "የት ነው የሚጀምረው? የትስ ነው የሚያበቃው?" አሉኝ። ጠርዙ ላይ አሳየኋቸው፤ አላገኙትም። እኔም ሁለተኛ ስፈልገው አላገኘሁትም።

ከዚህ በታች ያለውን ልጻፍ ልተው እያልኩ ሦስት ቀን ቆየሁ። እቴቴ፣ እኔ የሚያስፈልገኝ ጅምሩ ነበር። ያለቀ ነገር ላይ መቀጠል አልቻልኩም። እንዳሉኝ ጫፉን ከፈት ላደርግ ብሞክር አክርማው ደርቆ ስለነበር ተሰባበረብኝ፤ ክፉኛ አዘንኩና ተውኩት። ሌላ እስኪሰፋና እስኪደርስ ደግሞ ጊዜው ያልፋል። የካቲት መጨረሻ ላይ ኮሚቴው ፊት ቆሜ ከባዶ ጀምሬ፣ ወይም ጅምር ይዤ፣ መስፋት አለብኝ። ካልቻልኩ አውሮፕላኑ ላይ ያለው ቦታ የዱቄቱ ልጅ ነው።

እንዳያዝኑብኝ። ጥፋቱ የርስዎ አይደለም። እናቴ ስፌት ስትይዝ መጽሐፍ ይዤ የምሸሸው እኔ ነበርኩ። አሁን ሣር ብቻ ይላኩልኝ፣ ወስፌም። እንዴት እንደሚጀመርም ይጻፉልኝ፤ ለማያውቅ ሰው እንደሚጻፍ አድርገው። እንደተማርኩ ሰው አይቁጠሩኝ።

ፈይዛን ሰላም ይበሉልኝ። ብርዱ ጭንቅላቴን አልነካኝም ይበሏት።

ሰብሌ

*

መካነ ሰላም
ጥር 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ሰብሌ፤

ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ፈይዛ፣ "ይቅርታ ሣር አይሆንም፤ ሣሩን አስቀድሚ" አለችኝ። ስለዚህ ሣሩ እነሆ፤ ሁለት እስር፣ አክርማው ለብቻ፣ ቀጭኑ ለብቻ። ወስፌም ሁለት፤ አንዱ የኔ፣ አንዱ የፈይዛ። ጫፋቸውን ቡሽ ላይ ሰክቼዋለሁ፤ እንዳይወጋሽ።

እንግዲህ ይቅርታውን። እንዲያ ደስ ብሎኝ ያጠፋሁት ጥፋት በዕድሜዬ የለም! ደብዳቤሽን አንብቤ ሴቶቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። አንዷ፣ "ታዲያ መጀመሪያውኑ ግማሽ ብላ ካዘዘች ማን አስጨረሰን?" ብላ ዞራ እኔን አየች። ሁሉም ዞረው እኔን አዩ። የክዳኑን ሐሳብ ያመጣችው እሷ ራሷ ነበረች።

ቀጥሎ እንዴት እንደሚጀመር ለመጻፍ ተቀመጥኩ፤ አልተጻፈም። እጄ የሚያውቀውን አፌ አላውቅም አለ። እኔ አጥፌ እጀምራለሁ፣ ፈይዛ ደግሞ ቋጥራ ትጀምራለች፤ "የአንቺ ይላላል"፣ "የአንቺ ይወፍራል" ስንባባል እናትሽ ደረሰች። ጥምቀትን እዚህ እኔ ጋ ነው ያከበረችው።

"ምን ትጨቃጨቃላችሁ?" አለች ነጠላዋን ሳታወርድ።

"ለሰብሌ ስፌት መጀመር ልንጽፍላት።"

"ለየቷ ሰብሌ?"

"ላንቺዋ!"

መጀመሪያ ሳቀች። እስክትቀመጥ ሳቀች። "ስፌት ባልኩ ቁጥር ሽንት ቤት የምትገባዋ? ጀርመን ሄዳ ነው ስፌት የናፈቃት?" አስተማሪዎች ፊት መስፋት አለባት፣ ካልሰፋች ትምህርቱ ይቋረጣል አልኳት። ስለ አውሮፕላኑ ትንፍሽ አላልኩም፤ መዝግቢልኝ። ሳቋን አቆመችና፣ "በሉ እርጥቡን ሣር አምጡ" አለች።

አሁን የምጽፍልሽ የሷን ነው። እሷ ትሰፋለች፣ ፈይዛ እጇን ይዛ ታስቆማታለች፣ እኔ እጽፋለሁ። "ቀስ በይ!" ስንላት፣ "ምኑን ቀስ እላለሁ፣ ቀስ ካልኩ ይጠፋብኛል" ትለናለች። አንዴ የፈይዛን ጣት በወስፌው አግኝታዋለች።

ሣሩን አስቀድመሽ ውሃ ውስጥ ንከሪው፤ ሲለሰልስና ስታጥፊው የማይሰበር ሲሆን አውጪው። ቀጫጭኑን ጥቂት ሰብስበሽ ጫፉን በአክርማ ጠምጥሚው፤ ትንሿ ጣትሽን ያህል እስኪሆን። ከዚያ እንደ ቀንድ አውጣ ወደ ውስጥ አጠማዝዢው። እምብርቱ ያ ነው። መሃሉ ላይ ቀዳዳ ከታየሽ ፍቺውና እንደገና፤ የተከፈተ እምብርት ኋላ አይገጥምም። በመጀመሪያው ዙር ስፌቱ ሁሉ መሃሉን እየወጋ ይሄዳል። ከሁለተኛው ጀምሮ ግን የላዩ የታቹን ብቻ ይነክሳል። ከልክ በላይ ብትጎትቺው ወደ ላይ ተሰብስቦ እንደ ስኒ ይሆንብሻል፤ ብታላይው ደግሞ ይወዛወዛል። ልኩን እናትሽ፣ "የልጅ እጅ ይዞ መንገድ እንደ መሻገር ነው" ትላለች፤ እንዳያመው፣ እንዳያመልጥም። ከዚህ የተሻለ አላገኘንልሽም።

የመጀመሪያዎቹ ካስጠሉሽ አትደንግጪ። እናትሽ የሰፋችው የመጀመሪያ ሌማት የዶሮ መጠጫ ነው የሆነው፤ ራሷ ናት የነገረችን፣ ጻፊላት ብላ።

ሐረግ
(እናትሽም፣ "በርቺ፣ ጀርባሽን ቀና አድርጊ" ብላለች።)

*

መካነ ሰላም
መጋቢት 17 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለጎበዟ ሰብሌ፤

እልልታችን እዚያ ድረስ ካልተሰማ ያንተ ያለህ! ኮሚቴው አሳለፈሽ! ደብዳቤሽን መንገድ ላይ እየሄድኩ ነው ያነበብኩት፤ አንድ አህያ ገጭቻለሁ። የዱቄቱ ልጅ መጥቶ እጅሽን መጨበጡ ደስ ብሎኛል፤ አሳዳጊ አለው። አሥራ አንድ እምብርት አበላሽተሽ አሥራ ሁለተኛውን ይዘሽ መቅረብሽን ለእናትሽ ስነግራት ነጠላዋን አስተካከለች። ደስ ሲላት እንዲያ ናት።

ጥያቄዎችሽን ልመልስ። ክፍት ውሃ አውሮፕላኑ ላይ ክልክል ከሆነ ሣሩን ከመሳፈርሽ በፊት ንከሪና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ፌስታል ውስጥ አስሪው፤ ግማሽ ቀን አይደርቅም። ወስፌውን የእጅሽ አንጓ ላይ በክር እሰሪው፤ እንዳልሽው አየር ላይ ወስፌ ሲበር ለማንም አይበጅም። ጉልበት ላይ ማሳረፍ የማይቻል ከሆነ በምን ይያዛል ላልሽው ግን መልስ አልነበረኝም። ክብደት ከሌለ ሙዳዩ ጉልበት ላይ አይቀመጥም፣ እውነት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ቁጭ ብሎ አይታሰብም፤ ስለዚህ ሞከርኩት።

እናትሽ ማር ልትሸጥ መጥታ ነበርና ስትመለስ እስከ ማሻ ሸኘኋት። የተሳፈርነው የአህመዲን አይሱዙ ላይ፣ ከጆንያው በላይ ነው። መንገዱን ታውቂዋለሽ። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ዘፍ ሲል ሰው ከጆንያው ተነሥቶ አየር ላይ የሚቆይባት ቅጽበት አለች አይደል? መምህር ይሄነው ያቺም ያው ናት ብሎኛል። እኔም ጅምር ሙዳይ ይዤ ተሳፈርኩ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር አንዲት ስፌት ለማስገባት ነው ሐሳቤ።

አንድ በግ ነጋዴ አጠገቤ ተቀምጧል። አየኝ አየኝና፣ "እትዬ፣ እንኳን ስፌት ምራቅ መዋጥ አልቻልንም። ምን ሆነው ነው?" አለኝ።

"ምርምር ላይ ነኝ።"

"የምን ምርምር?"

"የጠፈር።"

"እሰይ! የጠፈሩም መንገድ እንዲህ ነው?"

"ይሻላል አሉ።"

መኪናው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያማ ጉድጓድ ከሩቅ ሲያዩ፣ "እትዬ፣ መጣልዎ! ይዘጋጁ!" ይሉኝ ጀመር። ሙዳዩ ሁለቴ ከጉልበቴ በረረ፤ አንዴ በጉ ላይ አረፈ። ጭኔንም ወግቻለሁ፤ ደህና ነኝ።

እናትሽ ግን አልሳቀችም። የመቅደላ አምባ ከሩቅ ብቅ ሲል ዞር ብላ፣ "ሐረግ፣ ልጄ የምትሰፋው የት ነው?" አለችኝ።

ሰብሌ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ይዤው ነበር፤ ለኔ ይሄ ረጅም ነው። ነገርኳት። ሽቅብ የሚወጣውን፣ የሚወድቀውን፣ የሚቃናውን፣ ሁሉንም። "እንዳትነግሪያት ብላኝ ነበር፤ ትፈራለች ብላ" አልኳት።

"ጀርመን ስትሄድ በእግሯ ነበር የሄደችው?" አለች። ቀጥላም፣ "ሲወድቅ ትታሰራለች?" አለች። ትታሰራለች አልኳት፤ እርግጠኛ አልነበርኩም። እውነት አድርጊው፤ ታሰሪ።

ከዚያ ሙዳዩን ከእጄ ወሰደችው። እስከ ማሻ እሷ ሰፋች። ጉልበቷ ላይ አላደረገችውም፤ ግራ ብብቷ ውስጥ ወሽቃ ነው የያዘችው። ጉድጓዱ ሲመጣ አብራው ትነሣለች፣ አብራው ትቀመጣለች። በግ ነጋዴው፣ "ምርምሩ ወደ ትልቋ ዞረ!" አለ። እሷ መስፋቷን ቀጠለች። ስፌቷ ጠማማ ሆኗል፤ ግን ይዟል። ብብት ሞክሪ።

ሐረግ

*

ፈረንሳይ
ግንቦት 3 ቀን 1998 ዓ.ም.

እቴቴ፤

የምጽፈው ከሆቴል ነው፤ አውሮፕላኑ የሚነሣው ከዚህ ነው። ነገ ጠዋት እበራለሁ። ይህ ደብዳቤ እስኪደርስዎ አልፎ ይሆናል፤ ሲያነቡት አይጨነቁ።

የአይሱዙውን ምርምር ለፕሮፌሰሬ ተረጎምኩላቸው። ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁና፣ "ፎቶ የለም?" አሉ። ብብቱን ሞክሬዋለሁ፤ ለኔ አልሆነኝም፣ ቀኝ እጄ አልደርስ አለ። በመጨረሻ ያገኘሁት እግሮቼን ወለሉ ላይ በማሰሪያ ይዤ የምሰፋውን ቀለበት ፊት ለፊቴ አየር ላይ በጣቶቼ ብቻ እየያዝኩ ማዞር ነው። ስለዚህ እታሰራለሁ፤ ለእናቴ የነገሩት እውነት ሆኗል።

ነገ የምሰፋው መጀመሪያ ሣሩን ነው፣ ቀጥሎ ቀጭኑን የብረት ጥብጣብ። ክብደቱ በጠፋ ቁጥር ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ክብደቱ ይመለሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ቀለበቱ መሬት ስንወርድ ሳይላላ ከቆየ ይያዝልኛል፤ እኔም ለትምህርቱ ጀርመን እያዛለሁ፤ ለሦስት ዓመት። ከላላ ሰኔ መጨረሻ ላይ መካነ ሰላም ነኝ።

እቴቴ፣ ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርዎ። ባለፈው ሌሊት ሻንጣዬን ሳዘጋጅ የቱን እንደምመኝ ጠፋኝ። እጄ እንዲሳካለት እመኛለሁ፤ በዚያው ደግሞ ክረምቱን እናንተ ጋ ሳሳልፍ ይታየኛል። እናቴ ብትጠየቅ የቱን የምትመርጥ ይመስልዎታል? አይጠይቋት ግን። እንዲያው ነው።

ለፈይዛ ዱዓ ታድርግልኝ ይበሏት። እርስዎም።

ሰብሌ

*

መካነ ሰላም
ሰኔ 4 ቀን 1998 ዓ.ም.

ሰብሌ የኔ ጠፈርተኛ፤

ቀለበቷ ያዘች!

ስልክሽን ቴሌ ሄደን ስንቀበል እኔና ፈይዛ አንድ እጀታ ላይ ጆሯችንን ደቅነን ነበር፤ "እቴቴ፣ ያዘ! ይዟል!" አልሽና መስመሩ ተቆረጠ። ተመልሶ እስኪመጣ ጠበቅን፤ አልመጣም። ፈይዛ ቴሌ ውስጥ እልል ስትል ሠራተኛው፣ "እትዬ፣ ሰው እያወራ ነው!" አላት። "አንተም እልል በል፤ ያንተው አገር ልጅ ናት" አለችው። እውነትም አለ፤ በቀስታ።

ትናንት ደግሞ ደብዳቤሽ መጣ። ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ አቅለሽልሾሽ ከረጢት ውስጥ ማስመለስሽን፣ ሣሩ ፊትሽ ላይ እንደ ጢም መንሳፈፉን፣ የብረቱ ጥብጣብ ጣትሽን መቁረጡን፣ ያም ሆኖ ዙሩ መግጠሙን። ከወረዳችሁ በኋላ ቀለበቷን መሃል ለመሃል ቆርጠው በማጉያ መነጽር ማየታቸው አንጀቴን በላው፤ ለምርምር ነው ካልሽ ይሁን። ቀጥሎ የምትሠሩት በእጅ ሳይሆን በማሽን እንደሚሆንም ገባኝ። የሰው እጅ የቻለውን አሁን ማሽን ይማራል፣ አስተማሪውም አንቺ ነሽ። መምህር ይሄነው የደብዳቤሽን ቅጂ ለክፍሉ ልጆች አንብቦላቸዋል፤ እኔ ነኝ የተየብኩለት።

አይጠይቋት ያልሽኝን አልጠየቅሁም። መጠየቅ ግን አላስፈለገም። እናትሽ ወሬውን ሰምታ ከማሻ ትናንት ገባች። ደብዳቤሽን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩላት። "ሦስት ዓመት" የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ፤ እሷ ግን ሰማች።

ፈይዛ፣ "ክረምቱን ትመጣለች ብለን ነበር" አለቻት፤ ልታጽናናት።

"እኔስ አላልኩም" አለች እናትሽ። "ብትመጣ ላቅፋት ነበር። አቅፌያት ስታበቃ ግን ምን ልትሆን ነበር? ቆሎ ስትቆረጥም ክረምቱን ልታሳልፍ? የጀመረችውን ትያዝ።" አክላም፣ "ከዚህ በፊት አራት ቆይታለች፤ ሦስት ከአራት ያንሳል" አለች። ፈይዛ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ ፈይዛ። እናትሽ ሒሳብ እንደምትችል ያን ጊዜ አወቅን።

ያለቀሰች እንዳይመስልሽ። ራቷን በልታለች። በልታ ስትጨርስ ግን፣ "ያን ቦታ ድገሚልኝ" አለችኝ። የትኛውን ስላት፣ "ክብደቷ የጠፋበትን" አለች። ደገምኩላት። እዚያ ቦታ ላይ የጻፍሽው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ እግርሽ መታሰሩን፣ ቀለበቱ መዞሩን። "ይኸው ነው?" አለች። ይኸው ነው አልኳት።

እንዲህ አለችኝ፤ እንዳለችው ልጻፍልሽ። "እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እንጨት ተሸክሜያለሁ፣ ውሃ ተሸክሜያለሁ፣ እህል ተሸክሜ የማሻን ዳገት ወጥቻለሁ። አራት ልጅ አዝያለሁ፤ እሷ ደግሞ ከሁሉም ከባዷ ነበረች። ስለ ክብደት ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ አውቀዋለሁ። እሱ የጠፋ ጊዜ ግን ሰው ምን ይሆናል? ትከሻዋ ምን አለ? ወገቧስ? ከኛ ወገን እዚያ የደረሰች እሷ ናት፤ እሷን ካልጠየቅሁ ማንን ልጠይቅ?"

ስለዚህ ሰብሌ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት አንቺ ጠየቅሽ፣ እኛ መለስን። አሁን ተራው ያንቺ ነው። ሳይንሱን ለመምህር ይሄነው ጻፊለት። ለእናትሽ ግን ትከሻሽ ምን እንዳለ ጻፊላት፤ ሳታሳጥሪ፣ ስድስቱንም ገጽ ስለሱ።

ማሻ ገና አትመለስም። ይኸው አጠገቤ ተቀምጣ ብዕሬን እያየች ነው። ፖስታውን ገና ሳላሽገው፣ "መልሱ መቼ ይደርሳል?" ትለኛለች።

ሐረግ